ገደላማ ማሳ ላይ የተከፈተ ቦረቦር እንዴት ይታከማል? የድንጋይ ክትር አሠራር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

«ጎርፍ ማሳችንን ለሁለት ከፈለው፤ ምን እናድርግ?» ክረምት በወጣ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይደርሰኛል። የደጋ ገበሬዎች ይጠይቁኛል። ወላጆቻቸው ገጠር ያሉ የከተማ ልጆች ይጠይቁኛል። ከአሜሪካና ከዓረብ አገር «የሲሚንቶ መግዣ ልላክ ወይ?» የሚሉም አሉ። የምመልሰው ለሁሉም አንድ ስለሆነ ሙሉውን እዚህ ጽፌዋለሁ።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ቦረቦሩን፣ ማለትም ጎርፍ የቆፈረውን ጉድጓድ፣ ለመሙላት አትድከሙ። ውሃውን ከላይ ቀንሱት፤ የቀረውን ደግሞ በየደረጃው በክትር፣ ማለትም ቦረቦሩን አግድም በሚዘጋ አጭር ግድብ፣ አዘግዩት። ውሃው ከዘገየ የተሸከመውን አፈር ራሱ አስቀምጦት ይሄዳል። ቦረቦሩም በየክረምቱ እየሞላ ይመጣል።

መመሪያው የሚሠራው ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ለማይበልጥና በጉልበት ሊሠራ ለሚችል ቦረቦር ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በተሞላ የሽቦ መረብ ሣጥን፣ ነው የሚሠራው። ያንን ያለ ባለሙያ አትጀምሩት።

ከሁሉ በፊት፦ መሬቱ እየተሸረሸረ ነው ወይስ እየተንሸራተተ?

ይህን ሳትለዩ አንድ ድንጋይ እንኳ አታንሱ። ሁለቱ የተለያየ ችግር ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ተቃራኒ ነው።

መሸርሸር ማለት ውሃ ከላይ እየሮጠ አፈሩን ሲጠርገው ነው። መንሸራተት ግን ውሃ ወደ ውስጥ ሰርጎ፣ አፈሩን አክብዶና አለስልሶ፣ ተራራው ከነዛፉ ሲወርድ ነው። ለሚሸረሸር መሬት ውሃ ማስረጊያ ጉድጓድና ትሬንች (ተዳፋቱን አግድም የሚቆፈር ውሃ መያዣ ቦይ) ጥሩ ነው። ለሚንሸራተት መሬት ግን ያው ትሬንች ጥፋት ነው፤ ተራራውን በገዛ እጃችሁ ውሃ ታጠጡታላችሁ።

የመንሸራተት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

- ከቦረቦሩ በላይ ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጥ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፈ ስንጥቅ
- ዛፎች፣ የአጥር እንጨቶች ወይም የመብራት ምሰሶዎች ወደ አንድ ወገን ማዘንበል
- ቀድሞ ባልነበረበት ቦታ ምንጭ መፍለቅ፣ ወይም የነበረው ምንጭ መደፍረስ
- የቤት ግድግዳ መሰንጠቅ፣ ደህና የነበረ በር አልዘጋ ማለት
- የተዳፋቱ እግር ወደ ውጭ ማበጥ

ስንጥቅ ካገኛችሁ እየሰፋ መሆኑን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ አንድ አንድ ችካል አጥብቃችሁ ትከሉ። በመሃላቸው ያለውን ርቀት ለክታችሁ ከነቀኑ ጻፉ። በየሳምንቱ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ በማግስቱ ለኩ። ርቀቱ እየጨመረ ከሄደ ተራራው እየተንቀሳቀሰ ነው። ያኔ ሥራው የክትር መሆኑ ቀርቷል። ለቀበሌና ለወረዳ አሳውቁ። ከታች ያሉ ቤተሰቦች ዝናብ በከበደባቸው ሌሊቶች ሌላ ቦታ ይደሩ። ከስንጥቁ በላይ የሚመጣውን ውሃ በቦይ ወደ ጎን አውጡት፤ ስንጥቁንም ውሃ እንዳይገባበት በጭቃ አፈር ጠቅጥቃችሁ ድፈኑት። ድንጋይ አትከምሩበት፣ ኩሬ አትቆፍሩበት፣ እግሩን ለመንገድም ሆነ ለቤት መሥሪያ አትቁረጡት። የደብረ ሲናን፣ የደሴ ዙሪያንና የዓባይ በረሃን ተዳፋቶች የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል።

ምልክቶቹ ከሌሉና የምታዩት ውሃ የቆፈረው ቦረቦር ብቻ ከሆነ ቀጥሉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለልኬት፦

- 2 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት የተደረገባቸው
- ከ10 ሜትር ትንሽ የሚተርፍ ሲባጎ
- ሲባጎ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ
- ሜትር፣ ችካሎች፣ ማስታወሻ ደብተር

ለሥራው፦

- ዶማ፣ አካፋ፣ ዲጂኖ፣ ትልቅ መዶሻ
- ድንጋይ መሸከሚያ ባሬላ ወይም ቃሬዛ
- ወፍራም ጓንትና ጠንካራ ጫማ (በነጠላ ጫማ ድንጋይ የሚሸከም ሰው ጣቱን ያጣል)
- ማዕዘን ያለው ድንጋይ፣ ትልቁም ትንሹም። ድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ ስለሚንከባለል አይሆንም።

ለተከላው፦ የቬቲቨር ወይም የዴሾ ሳር ግንጣይ፣ የዝሆኔ ሳር ቁርጥ፣ የሰስባኒያ ችግኝ፣ ደጋ ከሆነ ደግሞ ትሪ ሉሰርንና ቀርከሃ።

ምን ያህል ድንጋይና ጉልበት ይፈጃል? ስፋቱ 3 ሜትር የሆነ ቦረቦር ላይ 1 ሜትር ቁመት ያለው አንድ ክትር ከነመሠረቱ ወደ 7 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይበላል። በተለምዶ አንድ ሰው በቀን ግማሽ ሜትር ኩብ እንደሚሠራ ይታሰባል። ስለዚህ ለአንድ ክትር ወደ 14 የሰው ቀን ያዙ። ድንጋዩ ሩቅ ከሆነ ከዚህ ይበልጣል። ይህን ሒሳብ ጎረቤት ለደቦ ከመጥራታችሁ በፊት ሥሩት፤ ግማሽ ላይ የቆመ ክትር ከሌለው ይብሳል።

መቼ ይሠራል?

የድንጋዩ ሥራ ከጥር እስከ ሚያዝያ፣ ተከላው ዝናቡ በደንብ ሲይዝ በሐምሌ መጀመሪያ ነው። በልግ የሚዘንብባችሁ ከሆነ ድንጋዩን ከበልጉ በፊት ጨርሱ። ቦረቦር ውስጥ በዝናብ ወቅት መሠረት መቆፈር ሁለት ጉዳት አለው። የተቆፈረው አፈር ይታጠባል፤ ግድግዳውም ሰው ላይ ሊናድ ይችላል።

ደረጃ 1፦ ወደ ላይ ውጡና ውሃውን ከምንጩ ያዙት

ዝናብ በሚጥልበት ቀን ከቦረቦሩ ራስ፣ ማለትም ከሚጀምርበት የላይኛው ጫፍ፣ ተነሥታችሁ ወደ ላይ ሂዱ። ውሃው ከየት እንደሚሰበሰብ በዓይናችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው፦ ከመንገድ ቱቦ የሚለቀቅ ውሃ፣ ከብት የሚመላለስበት ዱካ፣ ወይም የፈረሰ እርከን።

ለምን? ቦረቦሩ ውጤት ነው። ከላይ የሚመጣው ውሃ ካልቀነሰ ከታች የምትሠሩት ሁሉ አንድ ክረምት ሳይዘልቅ ይፈርሳል። በትግራይ 400 የድንጋይ ክትሮች ላይ በተደረገ ጥናት 39 በመቶዎቹ በ2 ዓመት ውስጥ ፈርሰው ተገኝተዋል። ፍርሻው የበዛው ብዙ ውሃ በሚሰበሰብበትና ተዳፋቱ በከፋበት ቦታ ነበር። ማለትም ድንጋዩ ሳይሆን ውሃው ነው የሚወስነው።

ደረጃ 2፦ ከላይ ያለውን መሬት አክሙ

መጀመሪያ የፈረሱ እርከኖችን ጠግኑ። ቀጥሎ ከብት ከቦረቦሩ ዙሪያ ይከልከል። ይህ የሚከብደው ክፍል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግጦሽ የጋራ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር መነጋገር ይጠይቃል። ግን ከብት የሚረግጠው ዳርቻ ላይ ሣር አይበቅልም። ሣር ከሌለ ደግሞ ክትሩ ብቻውን አይቆምም።

ከዚያ ከቦረቦሩ ራስ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቁፈሩ። የሚከተሉትን ጠብቁ፦

- ቦዩ ከቦረቦሩ ራስ ቢያንስ የቦረቦሩን ራስ ጥልቀት 3 እጥፍ ይራቅ። የቦረቦሩ ራስ 2 ሜትር ጥልቀት ካለው ቦዩ ከ6 ሜትር በላይ ይራቅ። ከቀረበ የቦረቦሩ ራስ እየተናደ ሄዶ ቦዩን ይውጠዋል።
- የቦዩ ዝቅታ በ100 ሜትር ከግማሽ ሜትር አይብለጥ። ከበዛ ቦዩ ራሱ ሌላ ቦረቦር ይሆናል።
- የተቆፈረው አፈር ከቦዩ በታች በኩል ይከመርና ይጠቅጠቅ፤ ሣርም ይተከልበት።
- ውሃው የሚወጣበት ቦታ ሣር የለበሰ ወይም ድንጋያማ መሆን አለበት።

የመጨረሻውን ነጥብ በደንብ ያዙልኝ። ቦይ ቆፍሮ ውሃውን የጎረቤት ማሳ ላይ መልቀቅ ቦረቦሩን አያጠፋውም፤ ወደ ሌላ ሰው ማሳ ያዛውረዋል እንጂ። ስንት ጎረቤት በዚህ ተካሷል። ደህና ማስወጫ ካላገኛችሁ ቦዩን ተዉትና በእርከንና በሣር ላይ በርቱ። የልማት ጣቢያ ባለሙያው ቦዩን ሳይቆፈር በፊት እንዲያየው ጥሩት።

ደረጃ 3፦ የቦረቦሩን ተዳፋት ለኩ

በዓይን መገመት አይሆንም። ገደል አገር ያደገ ሰው ዓይኑ ተዳፋትን ለምዶታል፤ ግምቱ ሊያሳስተው ይችላል።

1. ሁለቱን እንጨቶች ቦረቦሩ ወለል ላይ በ10 ሜትር ርቀት አቁሙ።
2. ሲባጎውን ከላይኛው እንጨት እግር፣ ማለትም ከመሬቱ ጋር እኩል እሰሩ።
3. ውሃ ልኩን ሲባጎው መሃል፣ 5 ሜትር ላይ አንጠልጥሉ።
4. የታችኛው ሰው ሲባጎውን ወጥሮ በእንጨቱ ላይ ወደ ላይ ያንሳው። አረፋው መሃል ሲቆም ሲባጎው የነካውን ቁመት አንብቡ።

ቁመቱ 1.2 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 12 በመቶ ነው። እንጨቱ ካልበቃ ርቀቱን ወደ 5 ሜትር ዝቅ አድርጉና የተነበበውን በ2 አባዙ። ውሃ ልኩ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ገልብጣችሁ አንጠልጥሉት፤ ግራው ቀኝ ይሁን። አረፋው እዚያው መሃል ካልቆመ ውሃ ልኩ ተበላሽቷል፤ ቀይሩት።

ቦረቦሩ ቁልቁል ሲሄድ ተዳፋቱ ስለሚለዋወጥ በየክፍሉ ለኩ፤ ደብተር ላይም ጻፉ።

ደረጃ 4፦ የክትሮቹን ቦታ ምልክት አድርጉ

በክትሮች መካከል የሚኖረው ርቀት እንዲህ ይሰላል፦ የክትሩ ቁመት በ1.2 ይባዛል፤ የተገኘው ለተዳፋቱ ይካፈላል። ተዳፋቱ በአስርዮሽ ይጻፋል፤ 12 በመቶ ማለት 0.12 ነው።

- ቁመት 1 ሜትር፣ ተዳፋት 12 በመቶ፦ ርቀቱ 10 ሜትር
- ቁመት 1 ሜትር፣ ተዳፋት 20 በመቶ፦ ርቀቱ 6 ሜትር
- ቁመት 1 ሜትር፣ ተዳፋት 30 በመቶ፦ ርቀቱ 4 ሜትር

ከዚህ ርቀት በላይ ካራራቃችሁ ውሃው ከአንዱ ክትር ወርዶ ሌላው ጋ እስኪደርስ ጉልበቱን መልሶ ያገኛል። ከዚያ የላይኛውን ክትር እግር ይቆፍረዋል።

ውሃውን የመቀነሱ ሥራ ከላይ ነው የጀመረው። የክትሩ ልኬት ግን ከታች ይጀምራል። ቦረቦሩ የሚያበቃበትን፣ ወለሉ አለት የሆነበትን ወይም ከእንግዲህ የማይቆፈር ጽኑ ቦታ ፈልጉ። የመጀመሪያውን ክትር እዚያ አስቀምጡና ወደ ላይ እየለካችሁ ውጡ። የታችኛው ክትር ለላይኛው መደገፊያ ስለሆነ እግሩ የላላ ሰልፍ ሁሉንም ተከታትሎ ይጥላል።

ልኬቱ የወደቀበት ቦታ ካልተመቸ አንድ ሁለት ሜትር ወዲያ ወዲህ ማለት ትችላላችሁ። ጠባብና ቀጥ ያለ፣ ከበላዩ ሰፋ ያለ ቦታ ይመረጣል። ድንጋይ ያነሰ ይፈጃል፤ አፈር ደግሞ ብዙ ይይዛል። ቦረቦሩ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ግን አትሥሩ። ውሃው በመታጠፊያው የውጭ ግድግዳ በኩል ዞሮ ያመልጣል። ውሃ ከከፍታ በሚወድቅበት ቦታ እግር ሥርም አትሥሩ።

ደረጃ 5፦ የቦረቦሩን ራስና ግድግዳ አዘቅዝቁ

ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ሲርስ በራሱ ክብደት ይናዳል። ስለዚህ አናቱን እየቆረጣችሁ 45 ዲግሪ ያህል እንዲያዘቅዝቅ አድርጉት፤ 1 ሜትር ሲወርድ 1 ሜትር ወደ ውጭ ይሂድ። የቦረቦሩን ራስም እንዲሁ አድርጉና ድንጋይ አልብሱት። አፈር ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ጎርፍ መልሶ ቀጥ ያደርገዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች ነው የምትቆርጡት። ከሥሩ ቆማችሁ መቦርቦር በፍጹም የለም። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፤ ሰው ላይ ሲናድ ጊዜ አይሰጥም። ልጆች ቦረቦሩ ውስጥ እንዳይገቡ ጠባቂ አቁሙ።

ደረጃ 6፦ መሠረቱንና ክንፎቹን ቁፈሩ

ብዙ ክትር እዚህ ላይ በተደረገ ስንፍናም ይፈርሳል። ድንጋዩን ወለሉ ላይ መደርደር ዓይን ይሞላል፤ ግን ውሃው በሥርና በጎን ይሄዳል።

- መሠረት፦ ግማሽ ሜትር ጥልቀት፣ በቦረቦሩ ወለል ሙሉ ስፋት። ከታች ያለው ውፍረት ቢያንስ 1.5 ሜትር ይሁን።
- ክንፍ፦ በግራም በቀኝም ከ70 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ወደ ግድግዳው ውስጥ ይግባ። አፈሩ ልል ከሆነ 1 ሜትሩን ያዙ።

መሠረቱ ውሃ በሥር እንዳይሾልክ፣ ክንፉ በጎን እንዳይዞር ነው። ውሃ በጎን ከዞረ ክትሩ እንዳለ ቆሞ ቦረቦሩ በአጠገቡ ሌላ መንገድ ያወጣል። ከዚያ ድንጋዩ መሃል ሜዳ ላይ ይቀራል።

ጥቁር ዋልካ አፈር ላይ ያላችሁ ለይታችሁ ስሙኝ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በመጀመሪያው ዝናብ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከመሬት በታች ዋሻ ያወጣል። ክትሩን በሥሩ ያልፈዋል። ስለዚህ ክንፉን ጠለቅ አድርጉ፤ ከክትሩ በላይ በኩል ያለውን አፈርም አርጥባችሁ በደንብ ጠቅጥቁ። ከድንጋዩ ይልቅ በመቀልበሻው ቦይና በሣሩ ላይ ተማመኑ። ዋልካ ላይ ረጅም ክትር አይመከርም፤ አጫጭርና ተቀራራቢ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ድንጋዩን ደርድሩ

1. ትልልቁን ድንጋይ ለመሠረት አስቀምጡ። እያንዳንዱን ካስቀመጣችሁ በኋላ ቁሙበት፤ ከተወዛወዘ አንሱና አስተካክሉ።
2. ረጅሙ ጎኑ ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ ይተኛ። አግድም የተኛ ድንጋይ ለመገፋት ቀላል ነው።
3. የላይኛው ድንጋይ የታችኞቹን ሁለት ድንጋዮች መገጣጠሚያ ይርገጥ። ግንበኛ የሚያውቀው ሕግ ነው።
4. ክፍተቱን በትንንሽ ድንጋይ ጠቅጥቁ። አፈር አትሙሉበት፤ ይታጠባል፤ ድንጋዩም ይላላል።
5. የክትሩ ፊትም ጀርባም ወደ ውስጥ ያዘንብል፤ 1 ሜትር ሲወጣ ከ25 እስከ 33 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ።
6. አናቱ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይቅር።

ቁመቱ ከወለሉ በላይ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ከ1 ሜትር አትለፉ። ቁመት ሲጨምር የሚወድቀው ውሃ ጉልበትም ይጨምራል።

ደረጃ 8፦ የውሃ ማሳለፊያና የድንጋይ ንጣፍ

የክትሩ አናት ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን የለበትም። መሃሉ ዝቅ ይበል። ይህ የውሃ ማሳለፊያው ነው። ጥልቀቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ከ75 ሴንቲ ሜትር እስከ 1.2 ሜትር ይሁን። ከላይ ብዙ ውሃ የሚሰበሰብበት ቦታ ከሆነ ስፋቱን ጨምሩ እንጂ አታሳንሱ። ቅርጹ አፉ የሰፋ፣ ታቹ የጠበበ ይሁን።

ይህን ማስታወሻ ለራሴም ደጋግሜ እጽፈዋለሁ፦ ማሳለፊያ የሌለው ክትር ክትር አይደለም። ጎርፉ ሲሞላ በየት እንደሚያልፍ እናንተ ካልመረጣችሁለት እሱ ይመርጣል። የሚመርጠውም ለስላሳውን አፈር ነው፤ ይኸውም ክንፎቹ የገቡበትን ግድግዳ።

ከማሳለፊያው ሥር ውሃው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ድንጋይ አንጥፉ። ንጣፉ በክትሩ ቁመት አንድ እጥፍ ተኩል ያህል ወደ ታች ይዘርጋ፤ 1 ሜትር ለሆነ ክትር 1.5 ሜትር ማለት ነው። ስፋቱ ከማሳለፊያው ይብለጥ። ወለሉን ትንሽ ቆፍራችሁ ድንጋዩን ከመሬት እኩል ቅበሩት፤ በላዩ የተበተነ ድንጋይ ይሄዳል። ንጣፍ ከሌለ የሚወድቀው ውሃ የክትሩን እግር ይቆፍርና ክትሩ ወደ ፊት ይደፋል።

ድንጋይ ከሌለስ?

ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ብዙ የማያልፍ ትንሽ ቦረቦር በእንጨት ክትር ይታከማል። ውፍረታቸው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ችካሎችን ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር አስገብታችሁ ትከሉ። በመካከላቸው ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይኑር። ቅርንጫፍ እየጎነጎናችሁ በመካከላቸው አስተላልፉ፤ ከበላዩ በኩል ገለባና አፈር ጠቅጥቁ። መሃሉን ዝቅ ማድረግና ክንፉን ወደ ግድግዳው ማስገባት እዚህም ግዴታ ነው። እንጨቱ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከተቻለ የሚያበቅል ችካል ተጠቀሙ፤ ሥር ሲሰድ ክትሩ ሕያው ይሆናል።

ደረጃ 9፦ ትከሉበት

ድንጋዩ ጊዜ ይገዛላችኋል እንጂ ለዘለዓለም አይቆምም። የሚዘልቀው ሥር ነው።

- ዳርቻው ላይ፦ ቬቲቨር ወይም ዴሾ ሳር፣ ተዳፋቱን አግድም በሚያቋርጥ መስመር፣ በግንጣዮቹ መካከል ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር። አንዱ ግንጣይ ሁለት ሦስት ቡቃያ ይኑረው። ከተራራቀ ውሃው በመሃል ይሾልካል።
- ከክትሩ በላይ በተጠራቀመው አፈር ላይ፦ የዝሆኔ ሳር። ሦስት አንጓ ያለውን ቁርጥ ያዙ፤ ሁለቱ አንጓ አፈር ውስጥ ይግባ። ሽምብቆና ቀርከሃም ይስማማቸዋል።
- በተዘቀዘቀው ግድግዳ ላይ፦ ሰስባኒያ፣ ደጋ ከሆነ ትሪ ሉሰርን።

ሣሩ ለከብት የሚታጨድ መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው። ቦረቦሩ መኖ ሲሰጥ ባለቤቱ ይጠብቀዋል። ታጭዶ ይውጣ፤ ከብት ግን አይግባ።

ባሕር ዛፍ ዳርቻው ላይ አትትከሉ። ቶሎ እንደሚያድግና እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ግን ከሥሩ ሣር ስለማያስበቅል መሬቱ ይራቆታል። ሲረዝም ደግሞ ክብደቱና ንፋሱ የላላውን ዳርቻ ይስበዋል።

ደረጃ 10፦ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሂዱና እዩ

ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በማግስቱ እያንዳንዱን ክትር እዩ። የሚታየው ይህ ነው፦ የወደቀ ድንጋይ፣ በክንፉ በኩል የተሾለከ መንገድ፣ የተቆፈረ ንጣፍ፣ በማሳለፊያው ላይ የተጠመደ ቅርንጫፍ። በዚያው ቀን ጠግኑ። አንድ የወደቀ ድንጋይ ዛሬ የ5 ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከሁለት ዝናብ በኋላ ግን ክትሩን በሙሉ እንደገና መሥራት ይሆናል።

ክትሩ እስከ ማሳለፊያው ድረስ በአፈር ሲሞላ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው። በሚቀጥለው ክረምት በተጠራቀመው አፈር ላይ ትከሉ። ቦረቦሩ ገና ጥልቅ ከሆነ ግን በበጋው በነበረው ላይ ቁመት ጨምሩ። ስትጨምሩ ማሳለፊያውንና ክንፉን አብራችሁ ከፍ አድርጉ፤ ንጣፉንም አርዝሙ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ቦረቦሩን በቆሻሻ፣ በቅርንጫፍና በአፈር መሙላት አንዱ ነው። ውሃው ሲመጣ ሁሉንም ጠርጎ ወደ ታች ይወስደዋል፤ የታችኛውን ሰው ማሳ ያለብሰዋል።

ሁለተኛው አንድ ትልቅ ክትር ሠርቶ መገላገል ነው። አንድ የ3 ሜትር ግድግዳ ሦስት የ1 ሜትር ክትሮችን አይተካም። ሲፈርስ ያጠራቀመውን ውሃና ድንጋይ ባንዴ ነው የሚለቀው፤ ከታች ቤት ካለ ደግሞ አደጋ ነው።

ለክትር ድንጋይ ከእርከን ላይ ማንሳትም አለ። አንዱን ቁስል ለማከም ሌላ መክፈት ነው። ከተዳፋት እግር ሥር ቋጥኝ መጎልጎልም እንዲሁ፤ ያ ቋጥኝ ከበላዩ ያለውን ደግፎ ይዞ ሊሆን ይችላል።

ሲሚንቶን በተመለከተ፣ ከውጭ ገንዘብ ለምትልኩ ልንገራችሁ። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ቦረቦር የሲሚንቶ ግድግዳ አትሥሩ። መሬቱ ሲቀመጥ ግንቡ ይሰነጠቃል፤ ውሃም ስለማያሳልፍ ከጀርባው ይገፋዋል። ደረቅ ድንጋይ ግን ከመሬቱ ጋር አብሮ ይቀመጣል፤ ውሃንም ያሳልፋል። ገንዘባችሁ ለሣር ግንጣይ፣ ለመሣሪያ፣ ለጓንትና ለጫማ፣ ለደቦው ምሳ ይዋል። ቦረቦሩ ትልቅ ከሆነና ባለሙያ ጋቢዮን ያስፈልጋል ካለ የጋቢዮን ሽቦ ግዙ።

የደኅንነት ማስጠንቀቂያ

- ድንጋይ ከላይ የሚያወርዱና ከታች የሚደረድሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ አይሥሩ። ከላይ የሚያንከባልል ካለ ከሥሩ ማንም አይቁም። ጫፍ ላይ የሚጮኽ አንድ ሰው መድቡ።
- ከዝናብ በማግስቱ ከገደል ሥር ድንጋይ አትልቀሙ። ረጥቦ የላላ ቋጥኝ ፀሐይ ሲመታው ሊወርድ ይችላል።
- በእናንተ ሰማይ ላይ ባይዘንብም ከላይ ተራራው ከጠቆረ ከቦረቦሩ ውጡ። ጎርፍ ድምፁ ሳይሰማ ሊደርስ ይችላል።
- ዝናብ እየዘነበ የወንዝ ውሃ ድንገት ከቀነሰ ከላይ ናዳ ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ሲለቅ ባንዴ ነው። ወደ ከፍታ ውጡ።
- ናዳ ሲመጣ ቁልቁል አትሩጡ፤ ይቀድማችኋል። ከመንገዱ ወደ ጎን ውጡ።
- ናዳ የወደቀበት ቦታ ለመርዳት ከመግባታችሁ በፊት ከላይ የቀረውን ተዳፋት የሚከታተል ሰው አቁሙ፤ ሁሉም ሰው ባንዴ አይግባ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ በደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው።

ተደጋግመው የሚመጡ አጫጭር ጥያቄዎች

*ዘንድሮ ጉልበት የለንም፤ ከየትኛው እንጀምር?* ከብት ከልክሉ፤ ከላይ ያለውን እርከን ጠግኑ። ድንጋዩ ለከርሞ ይቆይ። ከላይ ያለው ሥራ ያለ ክትር ብዙ ይጠቅማል፤ ክትሩ ግን ያለ እሱ አይጠቅምም።

*ቦረቦሩ የሦስት ሰው ማሳ ያቋርጣል፤ እኔ ብቻ የኔን ብሠራስ?* እግሩ የሌላ ሰው ማሳ ላይ ከሆነ የእናንተ ክትር መደገፊያ የለውም። ሦስታችሁ ተስማሙ፤ ካልሆነ በቀበሌው የተፋሰስ ኮሚቴ በኩል አድርጉት።

*ውሃው ከመንገድ ቱቦ ነው የሚመጣው።* ቱቦውን ራሳችሁ አትዝጉት፤ መንገዱ ተሰብሮ ሌላ ቦታ ይወጣል። ፎቶ አንሱ፤ ዝናብ እየዘነበ ቢሆን ይመረጣል። በጽሑፍ ለወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት አስገቡና ቅጂውን ያዙ። እስከዚያው ከቱቦው አፍ ሥር ድንጋይ አንጥፉ።

*ስንት ዓመት ይፈጃል?* ከላይ አፈር የሚወርድበት ቦታ ከሆነ ትንንሽ ክትሮች በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ክረምት ይሞላሉ። ሣሩ ዳርቻውን አጥብቆ እስኪይዝ ግን ከሁለት እስከ ሦስት ክረምት ጠብቁ፤ እስከዚያ በየዝናቡ ማየቱን አታቋርጡ።